ለኮረብታው ስንት ውሃ ይበቃዋል?

ልጄ ሰው እየጠየቀች የምትተዳደር ሴት ነበረች። የከተማው የውሃ መሥሪያ ቤት አንገቷ ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ፣ አንድ ጃንጥላና አንድ ክምር መጠይቅ ሰጥቷት ነበር። ቤት ለቤት እየዞረች ስንት ሰው እንደሚኖር፣ በቀን ስንት ጀሪካን ውሃ እንደሚያልቅ፣ ቧንቧ ደጁ ቢደርስለት ባለቤቱ በወር ምን ያህል መክፈል እንደሚችል ትጠይቃለች። የተነገራትን ትጽፋለች፤ አመስግና ትወጣለች። ማታ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ የቀረበላትን ቀማምሳ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ቀኑን ሙሉ ስትጠይቅ የዋለች ሴት እኔን አንድ ቀን እንኳ "እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?" አትለኝም። አልቀየምኳትም። ጥያቄዋ እዚያው ወረቀቱ ላይ አልቆ ነበር የሚመጣው።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ሰፈርተኛው "ሬዲዮ" የሚል ስም ያወጣላት በከንቱ አይደለም። ከቦኖው ውሃ ቀድታ እስክትመለስ የማን ልጅ ጥርስ እንዳወጣ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ጣራ እንደሚያፈስ ሰብስባ ትመጣለች። ጀሪካኑን ሳታወርድ ወሬዋን ትጀምራለች። ባሏ ከኋላዋ ሸክሙን እየተቀበለ "ኧረ መጀመሪያ አውርጂው፣ ዜናው አይሸሽም!" ይላታል። እሱ ዝምተኛ ሰው ነበር። ለሁለቱም የሚበቃውን እሷ ታወራ ነበር።

ሥራው ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ቧንቧ መቅበር ነበር። ታችኛው ሰፈር ቦይ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ ግድግዳው ተናደበት። ጥልቅ ቦይ ግራና ቀኙ በሳንቃና በአጣና ይደገፋል። ያን ዕለት ግን አፈሩ ደረቅ ነው፣ አይናድም ተብሎ መደገፊያ ሳይገባ ነው የወረዱት። ጓደኞቹ በአካፋም በእጃቸውም ቆፍረው አወጡት፤ አልደረሱለትም።

ልጄ ከቀብር ተመልሳ ጀሪካን አነሳችና ወደ ቦኖው ወረደች። ሴቶቹ ተከትለዋት ሊያስተዛዝኗት ፈለጉ። እሷ ሰልፍ ያዘች፣ ተራዋ ሲደርስ ቀዳች፣ ተመለሰች። "አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ" አልኳት። "እሺ" አለችኝና ጀሪካኑን ቦታው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ነገሯ ሁሉ እንደዚያ እሺ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ አዝኖላት ይሁን አፍሮ እንጃ፣ የጠያቂነቱን ሥራ ሲሰጣትም እሺ አለች።

ቤታችን ኮረብታው አናት ላይ ነው። እኔ ይህን በደንብ ያወቅሁት ጉልበቴ የከዳኝ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ዳገት መሆኑ ትዝ ብሎኝም አያውቅ። ቦኖው ከታች፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ጎህ ሲቀድ ሰልፉ ይጀመራል። ጀሪካን ከጀሪካን ኋላ ተደርድሮ ባለቤቶቹ ቆመው ያንቀላፋሉ። መውረዱ ምንም አይደል፤ መውጣቱ ነው።

ልጄ ሥራ ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ ትመላለሳለች። የልጅ ልጄ ደግሞ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት። እሷን ጉንዳኔ ነው የምላት፣ ከቁመቷ የሚበልጥ ነገር ተሸክማ ስለምትሄድ። አስተማሪዋ ጠርታኝ "እማማ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን ክፍል ውስጥ ትተኛለች" አለችኝ። ምን ልበላት? ሳጥባት የጀሪካኑ ገመድ የሚያርፍበት የትከሻዋ ቆዳ ጠቁሮ ጠንክሯል። እናቷም እዚያው ቦታ ላይ እንዲሁ አላት። እጄ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጉንዳኔ ሴት ሆና ሳትጎብጥ ውሃው እኛ ዘንድ እንዲወጣ።

ታዲያ ከተማው አዲስ ዕቅድ ሊያወጣ ነው የሚል ወሬ መጣ። ልጄ ሥልጠና ገብታ ወጣች። እያባበልኩ፣ አንድ አንድ ቃል እየጎተትኩ አወጣሁባት።

"ለዛሬ አይደለም የሚታቀደው" አለችኝ ሽንኩርት እየላጠች። "ለመጪው ሠላሳ ዓመት ነው። ቧንቧ አንዴ ከተቀበረ በየጊዜው እያወጡ አይቀይሩትም። ስፋቱ የሚወሰነው ገና ያልተወለደ ሰው ታስቦ ነው።"

"ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?"

"ብድር ነው። ከተማው በአንዴ የሚያወጣው የለውም። አበዳሪዎቹ ደግሞ ከየት ትመልሳላችሁ ይላሉ። የሚመለሰው ሰው በየወሩ ለቆጣሪው ከሚከፍለው ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ያለበት፣ ውሃውን እፈልጋለሁ፣ እከፍላለሁም ያለ ሰፈር በአንደኛው ምዕራፍ ይቆፈርለታል። የቀረው በሁለተኛው።"

"ሁለተኛው መቼ ነው?"

"የመጀመሪያው ብድር ሲጋመስ።" ሽንኩርቱን አስቀመጠች። "ያን ጊዜ ጉንዳኔ የልጆች እናት ናት።"

ይህን ስትል ድምጿ ከቅድሙ አልተለየም።

"እንግዲያ ሰፈርተኛውን ሰብስበሽ ንገሪያ!"

"አይቻልም።"

"ምን ማለት ነው አይቻልም?"

"ምን ብለው እንደሚመልሱ እኔ ከነገርኳቸው መልሱ የእነሱ አይደለም፣ የእኔ ነው። ቃል አስገብተውናል። አንቺም ከእኔ ነው የሰማሽው፤ ለማንም አትናገሪ።"

ባሏ የሞተው አንድ ሰው ማድረግ ያለበትን ነገር ስላላደረገ ነው። እሷ የተባለችውን ነገር አንዲት ሳታጎድል የምታደርገው ለዚያ ይመስለኛል። አፌን ዘጋሁ።

የእኛ ሰፈር ሸንጎ የልብስ ሰፊው ሱቅ ነው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ያወራል። መርፌውን ውጦት አያውቅም። ፊቱ ተቀምጦ የማይስቅ የለም፤ ምክሩንም ሰው ሁሉ ይሰማል። ጠያቂዎች ሊመጡ ነው ሲባል እኔም እዚያው ቀሚሴን ላሳጥር ተቀምጬ ነበር።

"እናንተ ረሳችሁት እንጂ እኔ አልረሳሁም" አለ። "ያን ጊዜ ክፍል ሊቆጥሩ መጡ። ደረታችንን ነፍተን ሦስት ክፍል፣ አራት ክፍል አለን አልናቸው። በዓመቱ የክፍል ግብር ይዘው መጡ! አሁን ደግሞ ውሃ ሊቆጥሩ ነው። ጥቂት ነን በሉ። ውሃ ብዙም አንፈልግ በሉ። መክፈል የሚባል ነገርማ አይታሰብ። እኔ ውሃ የምጠጣው ሲያንቀኝ ብቻ ነው እላቸዋለሁ!"

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ባለሱቋ ጎረቤታችን፣ ስኳርና ሳሙና የምትሸጠዋ፣ "እኔ ልጆቼን ጓዳ እደብቃለሁ" አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ በዚያ በኩል አለፈች። ልብስ ሰፊው ጠራት። "ሬዲዮ! ባትሪሽ አልቆ ነው እንጂ አንቺ ነበርሽ የምትነግሪን። ልክ አይደለሁም?"

ቆማ አየችው። "ጋሼ፣ ተራዎት ሲደርስ ጥያቄውን አነብልዎታለሁ" አለችው።

"አያችሁ!" አለ ወደ እኛ ዞሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። "ልክ ባልሆን ኖሮ ልክ አይደሉም ትለኝ ነበር።"

እሷ መንገዷን ቀጠለች። እኔ ቀሚሴን ሳላሳጥር ተነሳሁ።

ኮረብታችን የተጠየቀ ዕለት ከልጄ ጋር አለቃዋ አብራ መጣች። ኢንጂነር ናት፤ ወጣት፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ። ሥራው በትክክል መሠራቱን ልታይ ቤት ለቤት አብራት ዞረች። ባለሱቋ ዘንድ ሲገቡ ባለሱቋ "እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን" አለች። ከጓዳ የልጅ ሳል ተሰማ።

"ያ ማነው?" አለች ኢንጂነሯ።

"ድመት ናት።"

"ጉንፋን ይዟታል ማለት ነው" አለች ኢንጂነሯ።

ልጄ ግን ፈገግ እንኳ ሳትል "ሁለት ሰው" ብላ ጻፈች። ይህን ወሬ ከእነሱ በፊት ለእኔም ለልብስ ሰፊውም ያደረሰልን የባለሱቋ ልጅ ራሱ ነው፣ እየሳለ።

እኛ ቤት ሲደርሱ ኢንጂነሯ ትንፋሽ አጥሯት ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ውሃ ሰጠኋት፤ ግጥም አድርጋ ጠጣች። ልድገምልሽ ስላት እሺ ልትል አፏን ከፍታ፣ በር ኋላ የቆመውን ጀሪካን አየችና "በቃኝ እናቴ" አለች። ልጄ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ በርጩማዋ ላይ።

"በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?"

"አንቺ አታውቂም?"

"ከእርስዎ አፍ ነው መስማት ያለብኝ።"

እርስዎ! የወለድኳት ልጅ እርስዎ ስትለኝ ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ግን ተመለሰ። እያንዳንዱን መለስኩላት። ልደብቅም አልፈለግሁ፣ ላበዛም አልፈለግሁ። ውሃውን የሚቀዳው ማነው ስትለኝ "አንቺ ነሽ" አልኳት። "የቤቱ ሴት ልጅ" ብላ ጻፈች። "ሌላስ?" አለች። "ጉንዳኔ" አልኩ። እስክሪብቶዋ ትንሽ ቆመ። ከዚያ "ሕፃን" ብላ ጻፈች፤ አመሰገነችኝ፤ ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ።

ከክረምቱ በኋላ ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። ግድግዳው ላይ የከተማው ካርታ ተሰቅሏል። ቀዩ መስመር መንገድ፣ ሰማያዊው ቧንቧ። ሰፈሮቹ ሁለት ዓይነት ቀለም ተቀብተዋል፣ ደማቅና ፈዛዛ። ሰው ሁሉ ቤቱን ፍለጋ ተጋፋ። እኔን ፊደል ያስቆጠረችኝ ጉንዳኔ ናት፤ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ከካርታው ሥር ያለውን ጽሑፍ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ደማቁ፣ አን-ደ-ኛ ም-ዕ-ራ-ፍ። ፈዛዛው፣ ሁለተኛ። ዓይኔን ወደ ኮረብታው አነሳሁ። ፈዛዛ ነበር። ገና ማንም ሳይጮህ ጉንዳኔን ይዤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ኢንጂነሯ ቆማ አስረዳች። ለየሰፈሩ ለምን እንዲያ እንደሆነ ስትናገር እኛ ላይ ደረሰች። "በተሰጠን መልስ መሠረት" አለች፣ "ኮረብታው ላይ ጥቂት ሰው ነው የሚኖረው። ያለውም ሰው ብዙ ውሃ አይፈልግም። ቢመጣለትም አይከፍልም። እንዲህ ላለ ሰፈር የሚያበድረን የለም።"

ከታችኛው ሰፈር የመጡት ሳቁ። ልብስ ሰፊው ብድግ አለ።

"እኛ ነን ውሃ የማንፈልገው? በጀርባችን የምናወጣው ምን መስሎሽ ነው እቴ፣ ወተት?"

"ጋሼ፣ እርስዎ የሰጡትን መልስ አንብቤዋለሁ። ውሃ የምጠጣው ሲያንቀኝ ብቻ ነው ብለዋል።"

አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ልብስ ሰፊው አልሳቀም። እንዲህ ዓይነት ፊት አይቼበት አላውቅም፤ የራሱ ቀልድ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ።

"እሺ፣ ተሳስተናል። አሁን እውነቱን እንናገር፤ ጻፉት።"

"አይሆንም" አለች ኢንጂነሯ። ክፋት አልነበረባትም። "ካርታው ከታየ በኋላ የሚሰጥ መልስ አይቆጠርም። እንዲያ ከሆነ ሰፈሩ ሁሉ ተነስቶ መልሱን ይቀይራል። አበዳሪዎቹም አይቀበሉትም። አንድ ሰፈር እንደ አዲስ የሚጠየቀው ጠያቂው ራሱ ሥራውን ሳይሠራ ከቀረ ብቻ ነው።"

ባለሱቋ ያኔ ጣቷን ቀሰረች። "ታዲያ ይቺ ሬዲዮ ታውቅ አልነበር? አንድ ቃል ብትተነፍስልን ምን ነበረበት?"

ሰው ሁሉ ወደ ልጄ ዞረ። ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ዳር ላይ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አየችኝ መሰለኝ። ከእኔ ጎን ጉንዳኔ ራሷን ክንዴ ላይ ጥላ ተኝታለች። ልጄ ተነሳች።

"ቤት ለቤት አልዞርኩም" አለች።

"ምን?" አለች ኢንጂነሯ።

"ኮረብታውን ቤት ለቤት አልጠየቅሁም። የጻፍኩት ከራሴ ነው።"

ጥያቄ ስታነብ የምትናገርበት ድምፅ ነበር። ከፍም ዝቅም አላለም። ኢንጂነሯ አየቻት። "እኔ ራሴ እኮ..." ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። ዓይኗ ወደ እኔ መጣ። ደፌ ላይ ቁጭ ብላ ውሃዬን የጠጣች ሴት። ከዚያ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለች፣ ቀና ሳትል።

"አዎ።"

"ሥራሽን ታጫለሽ።"

"እሺ።"

የአዳራሹ ጫጫታ እንደ ጣራ ላይ ዝናብ ሆነ። ልብስ ሰፊው ብቻ አልጮኸም። ቤቱ ገብታ፣ ፊቱ ተቀምጣ፣ ቀልዱን ቃል በቃል የጻፈችው እሷ መሆኗን እሱ ያውቃል። ኢንጂነሯም አሁን አንብባለታለች። ቁጭ አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አላየሁትም። ዳገቱ ላይ ባለሱቋ ከኋላችን ሰው ሁሉ እንዲሰማ ስታወራ ነበር። "የልጆቼን ውሃ ቁጭ ብላ በእስክሪብቶ ጨረሰችው! ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፈላት?" እውነት ይመስለኛል፣ የምትለውን አምና ነበር የምትለው። መልሷንም ድመቷንም ረስታለች፤ ሌላውም ሰው እንደ እሷ። እኔ ዞሬ ልናገራት አፌ ሲሞላ ልጄ እጅጌዬን ያዘች። እውነቱ ከወጣ ሰፈሩ ዳግም አይጠየቅም። ምላሴን ዋጥኩ። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ዋጥኩት፤ ቦኖው ጋ፣ ሱቁ ጋ፣ ልጄን "ሐሰተኛዋ" ብለው ሲጠሯት።

እሷን ሳያት ምንም አላገኘሁባት። ስድቡ ሲመጣ እንደ ነፋስ ታሳልፈዋለች። ልጅ ሆና ሲከፋት ከአልጋ ሥር ትገባ ነበር፤ ያን ጊዜ የት እንዳለች አውቅ ነበር።

ሌሎች ጠያቂዎች ተልከው መጡ፤ የማናውቃቸው ሁለት ሴቶች። ከመምጣታቸው በፊት ልብስ ሰፊው ሱቁ የመጣውን ሁሉ "ያለውን ብቻ ተናገሩ" አለ። "ደግሞ በንዴት መዋኛ ልንቆፍር ነው እንዳትሉ። ያለውን።" ሰው ሳቅ ጠብቆ ነበር፤ አላሳቀም። በሳምንቱ እኛ በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እማማ፣ ሬዲዮ አለች?"

ልጄ ወጣች።

"የቁልፍ ሥራ በዝቶብኛል። ዓይኔም ደክሟል" አላት መሬት መሬት እያየ። "ቁልፍ መትከል ትችያለሽ?"

"እሺ ጋሼ" አለች።

ከዚያ ወዲህ እዚያው ሱቅ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። እሱ ቀልዱን ቀነሰ። ባለሱቋ መጥታ ስለ እሷ ክፉ መናገር ስትጀምር ማሽኑን በኃይል ይረግጠዋል፤ ድምፁ ወሬውን ይውጠዋል።

ካርታው ተለወጠ። ኮረብታው ደማቅ ሆነ። ሰው እልል አለ፤ ግን ካርታ ውሃ አይደለም። ዕቅዱ መጽደቅ፣ ብድሩም መፈረም አለበት፣ ገንዘቡ ደግሞ በአንዴ ሳይሆን ሥራው እየታየ ተከፋፍሎ ነው የሚለቀቀው ተባለ። ክረምት መጣ፤ ሄደ። ሌላም መጣ። ጉንዳኔ ትልቁን ጀሪካን መሸከም ጀመረች። ቆዳው የጠቆረባት ቦታ ሰፋ። ሌላ የማደርግላት ነገር ስለሌለኝ ሌሊት ሌሊት በዘይት አሸት አሸት አደርግላት ነበር። ልጄ ታየናለች። አንድ ቀን "እሱ አይለቅም" አለችኝና ቁልፍ ወደያዘ እጇ ተመለሰች።

በመጨረሻ ቁፋሮው ዳገቱን ይዞ ወጣ። ልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ሲደርስ መሬቱ ጉብ ስለሚል ቦዩ ጥልቅ ሆነ። የሠራተኞቹ ራስ እንኳ አይታይም፤ አካፋ ብቻ ብቅ ጥልቅ ይላል። እኔ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። ልጄ ቁልፉን አስቀምጣ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ወጣች። ቦዩ ጠርዝ ላይ ቆመች። ከዚያ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ጥያቄ ከአፏ ስሰማ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

"መደገፊያው የታለ?"

ፎርማኑ ዞረ። "እቴ፣ ዞር በይ፤ ትወድቂያለሽ።"

"መደገፊያው የታለ አልኩ።"

"አፈሩ ደረቅ ነው። አይናድም።"

ቀሚሷን ሰብስባ ጠርዙ ላይ ቁጭ አለች፣ እግሯን ወደ ውስጥ ለቃ። ልክ ቧንቧው ሊወርድ በተዘጋጀበት ቦታ ላይ።

"ምን ታደርጊያለሽ?"

"ሰዎቹ ይውጡ። መደገፊያ እስኪገባ እዚህ ነኝ።"

"እንጨቱ የሚገዛው በሚቀጥለው ክፍያ ነው! ገንዘቡ እስኪለቀቅ ልንጠብቅ ነው? ሥራውን አቁሜ ብሄድ ሌላ ሰፈር ነው የሚጀመረው፣ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

ሰው ተሰበሰበ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ተነሺ ልላት ምንም አልቀረኝ። ውሃው እዚህ ድረስ መጥቶ! ባለሱቋ ሰውን እየገፋች መጣች። "አሁንም አንቺ? አንዴ በእስክሪብቶ ነጠቅሽን፣ አሁን ደግሞ በመቀመጫሽ? ምን አድርገንሻል እኛ?"

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ወጣ። ባለሱቋ አጠገብ ቆመ።

"ድመትሽ እንዴት ናት?" አላት።

"የምን ድመት?"

"ያቺ ጉንፋን የያዛት።"

ባለሱቋ አየችው። ልጄን አየች። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲቀየር ከተቀመጥኩበት አየሁት፤ አንድ በአንድ ፊደል እንደሚለቅም ሰው ነው የተረዳችው።

ልብስ ሰፊው ወደ ፎርማኑ ዞረ። "አንተ፣ ልጅቱ ጠየቀችህ እኮ። እንጨት የለኝም ነው መልስህ?"

"የለኝም።"

ልብስ ሰፊው ከሱቁ ኋላ ሄዶ የራሱን አጥር አጣና መንቀል ጀመረ። አንዱን በትከሻው አምጥቶ ልጄ አጠገብ ጣለው። ተመለሰ። ከዚያ ሌላው ሰው ሄደ። ሳንቃ ያለው ሳንቃ፣ አሮጌ በር ያለው በር አመጣ። ባለሱቋ የሱቋን መደርደሪያ እንጨት ተሸክማ መጣች፤ ስኳሩ እንኳ በደንብ አልተራገፈለትም። ማንንም ሳታይ አስቀምጣው ሄደች። ፎርማኑ ራሱን እየነቀነቀ ሠራተኞቹን አዘዛቸው። ግድግዳው ግራና ቀኝ ተደገፈ። ልጄ የመጨረሻው አጣና ተወጥሮ እስኪቆም አየችና ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ገብታ ቁልፏን ቀጠለች።

እኔ ያን ዕለት ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ መርፌዋ ላይ ክር አስገባች።

ቧንቧው ተቀበረ። ውሃው ወዲያው አልመጣም፤ ማጠራቀሚያው አላለቀም ተባለ። ያም ጊዜ አለፈና አንድ ቀን ጓሮ ያለው ቧንቧ አስነጠሰ፣ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ጉንዳኔ ጮኸች፤ ራሷን እሥሩ አስገብታ በሰበሰች። ልጄ ባልዲ አላመጣችም። ትልቁን ጀሪካን አምጥታ እስከ አፉ ሞላችው፣ ከደነችው፣ ድሮ የሚቆምበት በር ኋላ አቆመችው።

አሁንም ጎህ ሲቀድ ትነሳለች። የጀሪካኑ እጀታ ሲንቋቋ እሰማለሁ። ይዛው በር ድረስ ትሄዳለች፣ ትንሽ ትቆማለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጉንዳኔን ታያለች። ጉንዳኔ ተኝታለች። የትምህርት ሰዓት እስኪደርስ፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት፣ ትተኛለች።